ቁጥሩን ማን ቆረጠው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ጭስ ጭስ ይላሉ። አንዱ ስለ ጄኔሬተር ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ መኪና፣ አንዷ ስለ ህዳር ሲታጠን። ዓምዱን ገና አሁን ለጀመራችሁ፦ ኬሚስትሪ የተማርኩት አራት ኪሎ ነው። ሕጉን በማታው ክፍለ ጊዜ ስድስት ኪሎ። በመሃል የድምፅ መለኪያ በቦርሳዬ ይዤ በከተማችን ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ መልሴ ወደ መሣሪያና ወደ አንቀጽ ቢያዘነብል አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሰንጋተራ ኮንዶሚኒየም ነው። ምድር ቤት ያለው ግሮሰሪ ማታ ማታ ሙዚቃውን ይለቀዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩን መስኮታችን ሥር ያስነሳል። አቤት ብል «ከሕግ በላይ መሆኑ በመሣሪያ ካልተረጋገጠ ምንም ማድረግ አንችልም» አሉኝ። መሣሪያ ከየት ላምጣ? ሕጉስ ስንት ነው የሚለው?
መ. ተ.፣ ከሰንጋተራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሣሪያ ማምጣት የእርስዎ ሥራ አይደለም። የእርስዎ ሥራ መሣሪያው እንዲመጣ ማስገደድ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው።

የአገራችን የድምፅ ደረጃ አካባቢን በሦስት ይከፍላል። ለመኖሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል። ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። ለኢንዱስትሪ 75 እና 70። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

45 ከየት መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ድምፅና ስለ እንቅልፍ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ሰው በደንብ እንዲተኛ መኝታ ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ገርበብ ያለ መስኮት ደግሞ 15 ያህል ያስቀራል። 30 እና 15 ደምረው ውጭ ግድግዳው ላይ 45 አሉ። የእኛም የሌሊት ቁጥር ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ባለግሮሰሪው «መስኮትህን ዝጋ» ካለዎት፣ በዚያ ስሌት መስኮቱ ገርበብ እንዳለ ነው ብለው ይንገሩት። ይህቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሞቃት ሌሊት ላይ መስኮት ከፍቶ የሚተኛውን ሰው አስቦለታል።

አሁን ወደ ጣጣው እንግባ። ሰንጋተራ ኮንዶሚኒየም መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ? ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ ቤት ነው። ባለግሮሰሪው «ንግድ ፈቃድ አለኝ» ብሎ 55ን ይፈልጋል። እርስዎ «ልጆቼ የሚተኙት እዚህ ነው» ብለው 45ን ይፈልጋሉ። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ቀላል እንዳይመስልዎት። በ10 ከፍ ሲል የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል ጮኾ ይሰማል። 65 የደረሰ ሙዚቃ ጉልበቱ ከ45ቱ 100 እጥፍ ነው። ሳይንሱ እዚህ ድረስ ያደርሰናል። ቤትዎ የትኛው ምድብ ነው የሚለውን ግን የትኛውም መሣሪያ አይመልስም። እሱ የሕግ ጥያቄ ነው። በሥራዬም ጊዜ ጠቡ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በልኬቱ ላይ ሳይሆን በምድቡ ላይ ነበር። የእኔ አቋም የታወቀ ነው፦ የሚለካው ሰው የሚተኛበት መስኮት ላይ ነው እንጂ ስፒከሩ ያለበት በር ላይ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ያመልክቱ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ይጥቀሱ። አንቀጹ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ስለዚህ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀን ያስመቱ። ቀን ያልተመታበት ማመልከቻ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ አያስረዳም።

ልኬቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ሙዚቃው ባለበት ዕለት እንዲሆን እዚያው ላይ ይጻፉት። ረፋድ ላይ መጥተው፣ ለክተው፣ «ጸጥ ያለ ነው» ብለው የሄዱ ባለሙያዎች አውቃለሁ። በስልክዎ አፕ የሚለኩትም አይናቅ። ማስረጃ ሆኖ ባይቆም እንኳ ባለሙያው በየትኛው ቀንና ሰዓት መምጣት እንዳለበት ያሳያል። ጄኔሬተሩን እዚያው ማመልከቻ ላይ ለብቻው ይጻፉት። ጩኸቱ የድምፅ ጉዳይ ነው፤ ጭሱ የአየር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አራት ኪሎ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም 2.5 የተባለው ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳያልፍ ይመክራል። የአገራችን ደረጃ ግን 15 ነው። የኛ ሳንባ ከሌላው ይለያል? የትኛው ነው ሳይንስ? ደግሞስ ጉዳቱ መቶ በመቶ ሳይረጋገጥ መንግሥት አንድን ነገር መከልከል ይችላል?
ዳ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሳንባችንስ አይለይም። ቁጥሮቹ ግን ሁለቱም በላቦራቶሪ የተገኙ አይደሉም። ከሳይንስ ተነስቶ ሰው የቆረጣቸው ናቸው።

ተመራማሪዎች ብዙ ፈልገው ያላገኙት ነገር ቢኖር «ከዚህ በታች ጉዳት የለም» የሚባል መስመር ነው። ብናኙ ሲቀንስ በሽታውም ሞቱም ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ አበቃ የሚባልበት ቦታ አልተገኘም። ሕግ ደግሞ «በተቻለ መጠን አሳንሱ» ብሎ ፋብሪካ መቅጣት አይችልም። ቁጥር ያስፈልገዋል። አንድ ቦታ ላይ መቁረጥ ግድ ነው።

የት እንደተቆረጠ ተከታተል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በዓመት 10 ብሎ ነበር፤ በ2021 ወደ 5 አወረደው። አሜሪካ በ1997 በዓመት 15፣ በቀን 65 አለች። የዓመቱን በ2012 ወደ 12፣ በ2024 ወደ 9 ዝቅ አደረገችው። የእኛ ደረጃ ደግሞ በዓመት 15፣ በቀን 65 ነው። አየኸው? ከ1997ቱ የአሜሪካ ቁጥር ጋር ቁልጭ ብሎ አንድ ነው። እነሱ ወረዱ፣ እኛ እዚያው ቆመናል።

ልዩነቱ የጥናት ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ደረጃው የሕዝብን ጤና ከበቂ መጠባበቂያ ጋር እንዲጠብቅ ያዛል። የጭነት መኪና ማኅበራት የሚያስከትለው ወጪም አብሮ ይመዘን ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 በሙሉ ድምፅ አይመዘንም አለ። ደረጃው ሲቆረጥ የሚታየው ጤና ብቻ ነው። የእኛ አዋጅ 300 አንቀጽ 6 ግን ደረጃው በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ብቻ ሳይሆን በተግባር ሊፈጸም የሚችልም እንዲሆን ይፈልጋል። በዚህ በር ገንዘብም፣ ቴክኖሎጂም፣ የአሮጌ ናፍጣ መኪናዎቻችን ብዛትም ይገባሉ። ስህተት ነው አልልም። የማይፈጸም ቁጥር ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ጉራ ነው። ግን በተግባር የሚቻለው ነገር በየዓመቱ ይለወጣል። የዛሬ ሃያ ዓመት ያልቻልነውን ዛሬ እንችል እንደሆነ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያየው ይገባል።

እኔን ከ15 እና ከ5 ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማን ይለካል? ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ አዲስ አበባ አየር ለማንም ክፍት የሆነ የየሰዓት መረጃ ይሰጡን ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ የተተከለው አሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ነው። በ2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በበጀት ምክንያት የኤምባሲዎቹን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። አስበው እንግዲህ። የራሳችንን አየር ለማወቅ የሰው በጀት ስንጠብቅ ነበር። መለኪያ የሌለው ደረጃ ማንንም አያስጠይቅም። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ካጣህ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ አደባባይና ከሰዓት በኋላ ጊቢህ ውስጥ ለክተህ አወዳድር። ውጤቱን ላክልኝ ባይ ነኝ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። አዎ፣ ይችላል። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳ። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1973 እርሳሱ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ደንብ አወጣ። እርሳሱን የሚያመርተው ኢቲል ኮርፖሬሽን ከሰሰ። የክርክሩ ፍሬ፣ ከቤንዚን የወጣ እርሳስ በሰው ላይ በተጨባጭ ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም የሚል ነው። በ1976 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 5 ለ4 ወሰነ። ሕጉ የተጻፈው አደጋን ለመከላከል ስለሆነ ሰው እስኪጎዳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያለውን ማስረጃ መዝኖ አደጋ አለ ብሎ በምክንያት መደምደም ይበቃል አለ። በአንድ ድምፅ ብልጫ! ከዚያ ቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርሳስ ሲቀንስ በሕፃናት ደም ውስጥ የሚገኘውም አብሮ ወረደ። ማረጋገጫው የመጣው ከክልከላው በኋላ ነው። ከእርሳስ ቤንዚን መጨረሻ የወጣችው አልጄሪያ ስትሆን እሱም በ2021 ነው። እኛም አገር የቤት ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳያልፍ ደንብ አለ። ቀለም ልትገዛ ተክለሃይማኖት ከወረድክ ጣሳው ላይ ፈልገው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ከስታዲየም ፒያሳ ሚኒባስ እነዳለሁ። አሜሪካ የአየር ንብረት ሕጓን እያፈረሰች ነው ይባላል። እነሱ ሳይንሱን ከተዉት እኛ ምን ቤት ነን ብለን ነው የነዳጅ መኪና እንዳይገባ የከለከልነው?
ሹፌሩ

መልስ፦ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ ለየብቻ ልንገርህ።

አሜሪካ ውስጥ እየተካሄደ ያለው ጠብ የሥልጣን ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ሆኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰሎቹ በንጹሕ አየር ሕጉ ሥር እንደ ብክለት ይቆጠራሉ አለ። በዚህ መነሻ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ2009 ስድስት ጋዞች የሕዝብን ጤናና ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላሉ የሚል ግኝት አወጣ። መኪኖች የሚያወጧቸውን እነዚህን ጋዞች የሚገድበው ደንብ የቆመው በዚያ ላይ ነበር። በ2022 ፍርድ ቤቱ ስለ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሲወስን፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ የኮንግረስ ግልጽ ፈቃድ ይፈልጋል አለ። በ2024 ደግሞ ዳኞች አሻሚ ሕግ ሲገጥማቸው የመሥሪያ ቤቶችን ትርጉም እንዲቀበሉ ያደርግ የነበረውን የ1984 አሠራር ሻረ። በ2025 ኤጀንሲው ራሱ የ2009ኙን ግኝት ለመሻር ተነሳ። ይህ ሁሉ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት መያዙን አላቆመም። ፍርድ ቤት ማን ይወስን የሚለውን እንጂ ጋዙ ምን ይሠራል የሚለውን አይለውጥም።

የእኛ ክልከላ ታሪኩ ሌላ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲል፣ ጎልቶ የተነገረው ምክንያት ነዳጅ የሚበላው የውጭ ምንዛሪ ነው። ኤሌክትሪካችን አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያቀለዋል። ከሳንባ ይልቅ ካዝና ቀድሟል። እኔ አልከፋኝም፤ ጥሩ ነገር በሌላ በርም ይግባ። የሚያሳዝነኝ ያንተ ሚኒባስ ነው። በአየራችን ላይ ቶሎ ለውጥ የሚያመጣው አዲስ አውቶሞቢል ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው አሮጌ ናፍጣ ነው። እሱን የምትቀይርበት ብድር ካልመጣ ክልከላው ላንተ ወሬ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ነገ ስለ ጭስ ምርመራ አዲስ መመሪያ ሊመጣ ይችላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እንደሚለው፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት መቀበል አለበት። ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልወጣ መመሪያም ተፈጻሚ አይሆንም። የታክሲ ማኅበራችሁ ሊቀመንበር ይህን ያውቃል? ጠይቁት።

ጥያቄ፦ በህዳር 12 ቆሻሻ ማጨስ ይቅር ሲሉን ሰማሁ። የአያቶቻችን ነገር እኮ ነው። በሽታ የሚያባርር ነበር፤ አሁን ምን ተገኘ?
ወ/ሮ አ.፣ ከሠራተኛ ሰፈር

መልስ፦ እናቴ፣ የአያቶችዎ ሥራ የሚናቅ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ያኔ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው በሽታ ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር፤ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ሰፈር ጠርጎ ቆሻሻን ማስወገድ ዛሬም ትክክል ነው። የተለወጠው የሚቃጠለው ነገር ነው። ያኔ ቅጠልና ገለባ፤ ዛሬ ፌስታልና የጫማ ሶል። ይህ ጭስ ራሱ በሽታ ነው። ይጥረጉ፣ ይሰብስቡ፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ይስጡ። ለወጉ ያህል ቤት ውስጥ ዕጣን ቢያጨሱ ማንም አይከስዎትም።

ፌስታልን ካነሳን፦ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የሚከለክለው ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ነበር። መርካቶ ላይ የቆመ ደንብ አስከባሪ ይህን በምን ይለካዋል? በዓይኑ? በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ምክር ቤቱ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ጭራሽ ከለከለ። ኬሚስትነቴ የድሮውን ያከብራል፤ ተቆጣጣሪነቴ አዲሱን። የሲጋራውም ሕግ እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሕዝብ መገልገያ ቤት በርና መስኮት 10 ሜትር ይላል። 10 ሜትር ማንም ሰው በእርምጃ ይለካዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የስዊዘርላንድ አሮጊቶች ስለ ሙቀት መንግሥታቸውን ከሰው ረቱ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። እውነት ነው? እኛስ ብንከስ?
የቀድሞ መምህርት፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ እውነት ነው፣ እትዬ። ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከ2,000 በላይ ሴቶች ያሉበት ማኅበር ነው። ይዘውት የቀረቡት ማስረጃ በሙቀት ማዕበል ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሴቶች የበለጠ እንደሚሞቱ የሚያሳይ ነው። ብልህነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ዓለም ሁሉ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አካል ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ መንግሥት አየሩን የሚያሞቁ ጋዞችን ስንት ቶን እንደሚቀንስ በቁጥር አላስቀመጠም ብሎ ጥፋተኛ አደረገው። ደግሞም ያሸነፈው ማኅበሩ ነው። በግል ስማቸው የከሰሱት አራቱ ሴቶች ክሳቸው ተቀባይነት አላገኘም።

እኛ ዘንድ ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአፍሪካ ቻርተር አንቀጽ 24ም እንዲሁ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አገሮች የአየር ንብረትን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው የሚል የምክር አስተያየት ሰጥቷል።

ጎዶሎው የክስ ልምድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሲቪል ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን አካባቢ ጥበቃ ከሶ ነበር። ወንዙ ምን ያህል ተበክሏል የሚለው ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ። እኔ ብሆን እንደ ስዊሶቹ በጠባቡ እጀምር ነበር። «የአየር ንብረት» ብለው አይክሰሱ። የሰፈርዎን እድር ወይም የጡረተኞች ማኅበር ይያዙ። ከመካከላችሁ አስም ያለባቸውን፣ ጭሱ የሚወጣበትን ቦታ፣ የሐኪም ወረቀቱን ሰብስቡ። ከዚያ ለሰንጋተራው ወንድማችን የነገርኩትን አንቀጽ 11 ይጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳልና ባለሥልጣኖቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ችላ የማይሉበት ጊዜ ላይ ነን። 30ው ቀን መልስ ሳይመጣ ካለፈ ይጻፉልኝ። ልደታ ፍርድ ቤት ከሜክሲኮ በእግር ነው፤ መዝገብ ቤቱ ድረስ አብሬዎት እሄዳለሁ።